የእትዬ ቁስል

ሲስተር ያን ቀን በጤና ጣቢያው አርባ አንድ ቁስል አጥባ ወጣች። አርባ ሁለተኛው ቤቷ ይጠብቃት ነበር።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ ያበጠ እግሯን ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ አሳርፋ፣ ለአምስት ደቂቃ ማንም እንዳያናግራት ብቻ ነበር የምትመኘው። የቁስል ክፍሉ አንድ አልጋ፣ አንድ ጋሪና አንድ ነርስ ነው ያለው። ሁለተኛዋ ነርስ ከወለደች ወዲህ ምትክ ይላካል ሲባል አራት ወር አለፈ፤ ምትኩ ግን የውሃ ሽታ ሆነ። የተቃጠለው፣ የተቆረጠው፣ የስኳር ቁስል ያለበት፣ ውሻ የነከሰው ሁሉ በእሷ እጅ ያልፋል። በስሟ የሚጠራት ሰው ከጠፋ ቆይቷል። እዚያ ሲስተር፣ እዚህ ሲስተር። ሰፈሩም ከጤና ጣቢያው ተቀብሎ ሲስተር ብሎ ቀረ።

«ልጄ! መጣሽ?» የአባቷ ድምፅ ከጓሮ ተሰማ። «ቶሎ ነይ፣ እትዬ ልትሞትብኝ ነው!»

እትዬ ሰው አይደለችም፤ ዶሮ ናት። ስሙን ያወጣችላት የሲስተር እናት ነበረች። ገና ጫጩት ሳለች ሌሎቹን እየገፋች ከፊት ስለምትቆም «ይቺስ እትዬ ናት» ብላ ነው። እናትየው ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። እትዬ እንቁላል መጣል ካቆመች ከርማለች፤ ግን በዚያ ቤት እሷን እንደ ሥጋ የሚያያት የለም። አባቷ ጡረታ የወጡ ቀያሽ ናቸው፤ ጠዋት ተነሥተው መጀመሪያ የሚያናግሩት እሷን ነው። ለልጃቸው የማይነግሩትን ሁሉ ለእትዬ ይነግሯታል።

ሲስተር በባዶ እግሯ ወደ ጓሮ ሮጠች።

ዶሮ ቤቱ ፊት የጎረቤቱ ሶፋ ሠሪ ተንበርክኳል። ከእነሱ ግቢ የሚለየው የሽቦ አጥር ብቻ ነው፤ በሩን ትቶ አጥሩን ዘሎ እንደመጣ ሱሪው ላይ ያለው ቅድ ይናገራል። እትዬን በቁራጭ የመጋረጃ ጨርቅ አቅፏታል፤ ጨርቁ በደም ርሷል። አባቷ ከግድግዳው ተጣብቀው ቆመዋል፤ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይጨመድዳሉ።

«ምን ሆና ነው?»

ሶፋ ሠሪው ሽማግሌውን አየት አደረገ።

«ጭልፊት» አለ። ሲናገር ዓይኑ መሬት ላይ ነበር።

ጨርቁን ገለጥ አድርጋ አየች። በግራ ክንፏ ሥር ሁለት ቀዳዳ፤ ጥልቀታቸው እኩል፣ በመካከላቸው ሁለት ጣት ያህል፤ ከዚያ ቆዳው ወደ ታች ተሸርክቷል። ጭልፊት ከላይ ነው የሚወርደው፣ የሚይዘውም ጀርባ ነው። ይሄ ከጎን የመጣ ነው። ሲስተር በአሥር ዓመት ሥራዋ የውሻ ንክሻ ያላየችበት ሳምንት የለም። ቀና ስትል፣ ሻለቃ የሚባለው የሶፋ ሠሪው ያረጀ ውሻ አፍንጫውን በሽቦው ቀዳዳ አሾልኮ ያያታል።

ጭልፊት ይሁንልህ፣ አለች በሆዷ። ለክርክር አቅም አልነበራትም፤ ደሙም ጊዜ አይሰጥም።

«ወደ ማድ ቤት አምጣት።»

ጠረጴዛውን በላስቲክ ሸፈነች። እጇን ታጠበች፣ ጓንት አጠለቀች፣ ጎዝ፣ ነጩን የቁስል ጨርቅ፣ አጥፋ ቁስሉ ላይ አስቀመጠችና በሁለት ጣቷ ተጫነችው። ከዚያ እትዬን በፎጣ ጥብቅ አድርጋ ጠቀለለቻት፤ ሕፃን ልጅ ሲሰፋ እንዳይፈራገጥ እንደምትጠቀልለው።

«ያዛት። አጥብቀህ!»

ሶፋ ሠሪው አጥብቆ ያዘ። ትንሽ ቆይታ እትዬ አፏን ከፈተች። ራሷ ላይ ያለው ቀይ አክሊል መጥቆር ጀመረ።

«ሲስተር፣ አነቅናት መሰለኝ» አለ በፍርሃት።

«ደረቷን ልቀቁላት!» ብለው አባቷ ከበሩ ጮኹ። «ዶሮ በደረቷ ነው የምትተነፍሰው። እናትሽ ስንቴ ነግራኛለች፣ ክንፏን ያዝ እንጂ ደረቷን አትጫን እያለች!»

ፎጣው ላላ። የእትዬ ደረት ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ፤ አክሊሏም ቀስ እያለ ቀላ። አሥር ዓመት የሰው ቁስል ያጠበች ሴት ዶሮ በፎጣ ልትገድል ነበር።

ደሙ ቆመ። በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ላባ በመቀስ ከረከመች። ጆሮዋን አስጠግታ በቀዳዳው አየር ይወጣ እንደሆነ አዳመጠች፤ አይወጣም። ፈልቶ የቀዘቀዘ የጨው ውሃ በሲሪንጅ እየሞላች እጥብ፣ ደግማ እጥብ አደረገችው።

«አትሰፊያትም?» አለ ሶፋ ሠሪው።

«የተበሳ ቁስል አይሰፋም። ከላይ ብዘጋው ውስጡ መግል ይይዛል።»

«እኛ ጋ ደግሞ ካልተሰፋ የሆድ ዕቃው ይወጣል።»

«እናንተ ጋ ያለው ስፖንጅ ነዋ።»

«እሱስ ልክ ነሽ። ስፖንጅ እንዲህ ዓይን ዓይን አያይም።»

እትዬ በእርግጥም በአንድ ዓይኗ አፍጥጣበት ነበር። ሲስተር ሳታስበው ሳቀች፤ የዚያን ቀን የመጀመሪያዋ ሳቅ ነች።

በመጨረሻ ቁስሉን ጂቪ ቀባችው፤ ያንን የልጆች አፍ ሲቆስል የሚቀባውን ሐምራዊ መድኃኒት። ሌሎቹ ዶሮዎች ቀይ ነገር ካዩ መጠቅጠቅ ይወዳሉ፤ ሐምራዊ ግን ግድ አይሰጣቸውም ያሉት አባቷ ናቸው። እትዬ ግማሽ ጎኗ ሐምራዊ ሆኖ፣ ገለባ በተነጠፈበት ካርቶን ውስጥ፣ ከምድጃው አጠገብ ለብቻዋ ተኛች።

ቁስሉ በቀን ሁለቴ መታጠብ ነበረበት፤ ጠዋት ሲስተር ሥራ ከመግባቷ በፊትና ማታ ፀሐይ ሳትገባ። አንድ ሰው ይይዛል፣ አንድ ሰው ያጥባል።

«የኔ እጅ ይንቀጠቀጣል» አሉ አባቷ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

«እኔ እይዛታለሁ» አለ ሶፋ ሠሪው።

«ሥራ የለህም እንዴ?»

«ሞልቶኛል። ሶፋ ግን ሮጦ አያመልጥም።»

የሚያመጣው ጸጸት ነው፣ አለች ሲስተር በልቧ።

አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ሲስተር ከዚህ በፊት ታጭታ ነበር። ሰውየው ሥልጠና ላይ ነኝ ሲል፣ ስብሰባ ላይ ነኝ ሲል፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ዓይን ዓይኗን እያየ ሌላ ጎጆ ቀልሶ ልጅ አሳድጓል። ቅስሟን የሰበረው ሌላዋ ሴት አይደለችም። ያን ሁሉ ጊዜ «እራት በልተሃል?» ብላ ስትጠይቀው፣ «አልበላሁም» ብሎ ከጠገበ ሆድ በላይ መብላቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ለራሷ ቃል ገባች። ድሃ ቢሆን ይሁን፣ ቁጡም ቢሆን ይሁን፣ ውሸታም ግን ሁለተኛ ደጇን አይረግጥም። አሁን ደግሞ አንዱ በቀን ሁለቴ ደጇን እየረገጠ፣ ዶሮዋን አቅፎ፣ ጭልፊት ይላታል።

እንዲያም ሆኖ መምጣቱን መጠበቅ ጀመረች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት እትዬን ታቅፎ ቆሞ፣ «ትናንት ስንት አጠብሽ?» አላት።

«ሠላሳ ስድስት።»

«ከእትዬ ጋር?»

«ከእትዬ ጋር ሠላሳ ሰባት።»

«ከሁሉ የከበደሽ የቱ ነበር?»

እጇ ጎዙን እንደያዘ ቆመ። ስንት ዓመት ስትሠራ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ስለ አንድ ዳቦ ጋጋሪ የተቃጠለ መዳፍ ነገረችው፤ ስለ አንዲት አሮጊት እግር ነገረችው፤ ቁስሉ መጥፎ ሆኖ ሳይሆን፣ አሮጊቷ ሲታጠቡ «እጅሽን ይባርከው» እያሉ ራሷን ስለሚዳብሷት ነው። ሶፋ ሠሪው ምንም አልመከራትም። ዝም ብሎ ሰማ። ዝምታው ደስ አላት፤ ደስ በማለቱ ደግሞ ተናደደች።

«እጅሽ ግን ትንሽ እንኳን አይንቀጠቀጥም» አለ በኋላ።

«ስለደከመ ነው። ለመንቀጥቀጥም አቅም ይጠይቃል።»

በአራተኛው ቀን በርጩማ ይዞ መጣ። ከሦስት ዓይነት ትርፍራፊ ጨርቅ የተሰፋ፣ ከፍ ያለ፣ ስፖንጁ ጠንከር ያለ። «ጎንበስ ብለሽ ስታጥቢ ወገብሽን ስትይዢ አይቻለሁ» አላት። «ቁመቱን በዓይኔ ነው የለካሁት፤ ካልሆነ እቆርጠዋለሁ።» ሆነ፤ ልክክ አለ። ተቀምጣበት ቁስሉን ስታጥብ ፊቷ ከእጆቹ በስንዝር ርቀት ላይ ነበር። ማስቲሽና አዲስ ጨርቅ ይሸታል። ጣቶቹ በመዶሻ የተመቱ፣ በመርፌ የተወጉ፣ በጂቪ ሐምራዊ የሆኑ ናቸው። ዓይኗን ቁስሉ ላይ ለማቆየት ብዙ ታገለች።

በስድስተኛው ቀን እየሳቀ ገባ። «ጉድ ሆንኩልሽ! አንዲት ደንበኛ ያዘዘችኝ ነጭ ሶፋ ነበር። ዛሬ ልትወስድ ብትመጣ፣ ክንዱ ላይ ሦስት ሐምራዊ ጣት ታትሞበታል።»

«ወይኔ! ምን አልካት?»

«እውነቱን ነዋ። ዶሮ እያስታመምኩ ነው አልኳት።»

«አመነችህ?»

«ኧረ ወዲያ! የሰከርኩ መሰላት። ጨርቁን ቀይሬ ሌላ ላለብስላት ነው።»

ሲስተር ሳቀች፤ ወዲያው ግን ሳቋን አቋረጠች። ለማያውቃት ደንበኛ እውነቱን ይናገራል፤ ለእኔ ግን ይዋሻል። ለምን? የኔ ቁጣ ከሴትየዋ ሶፋ ይከብዳል? በተለያየ መንገድ በር ከፈተችለት። «ጭልፊቱ ትልቅ ነበር?» አለችው። «እንጃ፣ ጥላውን ነው ያየሁት» አለ። «ሻለቃ አልጮኸበትም?» አለችው። «ተኝቶ ነበር» አለ። በጠየቀችው ቁጥር ጆሮው ይቀላል፤ መዋሸት የማይችል ሰው ነው የሚዋሸው። እሷ ደግሞ እየወደደችው ነበር። ይህን ለራሷ ካመነች በኋላ እንቅልፍ እምቢ አላት።

በዘጠነኛው ቀን ማታ ቁስሉ ደረቅ ቅርፊት ያዘ። ጠርዙ ጤነኛ፣ ሽታ የለው፣ መግል የለው። እትዬም ሶፋ ሠሪውን ሁለቴ ነክሳለች፤ መዳኗ ነው።

«ነገ የመጨረሻችን ነው» አለች ሲስተር።

ሶፋ ሠሪው እትዬን ወደ ደረቱ አስጠጋት። የማድ ቤቱ መስኮት በጓሮው በኩል ክፍት ነበር፤ አባቷ ከውጭ ቆመው የዶሮ ውሃ ይቀዳሉ።

«ከዚያ ወዲያ ታዲያ በምን ሰበብ ልምጣ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሲስተር የምትመኘው ይህንኑ ነበር፤ የምትፈራውም ይህንኑ።

«ሲስተር፣ እኔ ቃል አላውቅም» ብሎ ቀጠለ። «ቀኑን ሙሉ ሚስማር ስመታ የማስበው ምን ይዤላት ልሂድ የሚለውን ነው። አንቺ ደክሞሽ ስትገቢ የበራችሁን ድምፅ ሥራዬን አቁሜ ነው የምሰማው። ወድጄሻለሁ። በቃ፣ ይኸው።»

ሲስተር ጓንቷን ቀስ ብላ አወለቀች።

«መጀመሪያ አንድ ነገር መልስልኝ። እትዬን ምን ነካት?»

ጆሮው ቀላ። ወደ መስኮቱ ተመለከተ። ውጭ የውሃው ድምፅ ቆሟል።

«ጭልፊት እንዳትለኝ!» አለች። «እኔ ቁስል ነው የማነበው። ሁለት ጥርስ ነው። ውሻህ ነው አይደል?»

ዓይኑ ከመስኮቱ ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ እትዬ ዞረ። ከዚያ አንገቱን ደፋ።

«አዎ» አለ። «ሻለቃ ነው።»

እውነቱን ስትሰማ ቀለል ይለኛል ብላ ነበር። አልቀለላትም።

«ዘጠኝ ቀን! ዘጠኝ ቀን ሙሉ ትናገራለህ ብዬ ጠበቅኩህ። ውሻ ዶሮ ቢነክስ ምን ይገርማል? በዚያኑ ቀን ብትነግረኝ ይቅር ብዬህ ቁስሏን አጥብ ነበር። ውሸቱን ነው እንጂ ውሻውን ማን ቆጠረው!»

«ይቅርታ።»

«አልፈልግም። ነገ ደግሞ ሌላዋን ይዘለዝላል። እዚህ አጥር ሥር ሁለተኛ እንዳላየው። አንተንም።»

እትዬን ከእጁ ተቀብላ ጀርባዋን ሰጠችው። ሲወጣ በሩን እንኳ ድምፅ ሳያሰማ ነው የዘጋው።

በማግስቱ ጠዋት ከሽቦው ማዶ ጩኸት የለም። ሻለቃ ሌላ ጊዜ በሲስተር የበር ድምፅ ነበር የሚነቃው።

«ውሻውን ወሰደው» አሉ አባቷ ቁርሳቸውን ሳይነኩ። «ከከተማው ዳር ለእህቱ ሊሰጠው። ሲሄዱ ሰማኋቸው። ውሻው አልሄድም ብሎ ሲያለቅስበት ነበር።»

«ጥሩ አደረገ» አለች ሲስተር። ቀኑን ሙሉ ግን «ቀጣይ» እያለች የምትጠራቸውን ሰዎች ፊት አላየችም፤ ሥጋና ጎዝ ብቻ ነው ያየችው። አንድ በሽተኛ «ሲስተር፣ ያመመሽ አንቺን ነው» አላት።

ከሥራ ስትመለስ የመጨረሻው እጥበት ቀርቷል፤ የሚይዝላት ሰው ግን የለም።

«አባዬ፣ ዛሬ አንተ ትረዳኛለህ። እትዬ ድናለች፣ አትፈራገጥም። እኔው ይዤ አጥባታለሁ፤ አንተ ዕቃ ብቻ አቀብለኝ።»

አባቷ ሰበብ ፈለጉ፤ አልተገኘላቸውም። መጥተው ከጠረጴዛው አጠገብ ቆሙ። የሲስተር ሁለቱም እጆች እትዬ ላይ ናቸው።

«ጎዙን።»

አባቷ እጃቸውን ዘርግተው ጠረጴዛውን ዳበሱ። የጓንቱን ፓኮ አነሡ።

«ጎዙን ነው ያልኩህ፣ አባዬ። ነጩን።»

እንደገና ዳበሱ። የጨው ውሃው ብርጭቆ ተገለበጠ። ቀጥሎ ያነሡት የጂቪውን ጠርሙስ ነበር፤ አጠገቡ ነጭ ጎዝ ተከምሮ። ሲስተር እትዬን ካርቶኗ ውስጥ አስቀመጠቻት።

«እየኝ እስቲ» አለች።

«እያየሁሽ ነው።»

እያዩ የነበረው ከትከሻዋ በላይ ያለውን ግድግዳ ነው። ስልኳን አውጥታ መብራቱን አበራች፤ አገጫቸውን ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረቻቸው። በሁለቱም ዓይናቸው ብሌን ላይ የወተት እጣቢ የመሰለ ሞራ ተጋርዷል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አንደኛው ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ሌላውም ዓመት አለፈው።»

«አባዬ!»

«ቆይ፣ ልጨርስ። ካልጨረስኩት ዛሬም አልናገረውም።» ሽማግሌው በርጩማውን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ። «እትዬን የወጋኋት እኔ ነኝ። ባለ ሁለት ጣቱን መንሽ ይዤ ገለባ ላነሣ ነበር። እሷ ገለባው ውስጥ ተኝታለች። እኔ ያየሁት ገለባ ብቻ ነው። ስትጮህ ነው ያወቅኩት። ያ ልጅ አጥሩን ዘሎ ደረሰልኝ። ዓይኔ መጥፋቱን ልጄ እንዳትሰማ ብዬ እጁን ይዤ ለመንኩት። ጭልፊት ነው በላት አልኩት፤ ቃሉ የኔ ነው። ትናንት በመስኮት ሰምቻችኋለሁ። ገብቼ መናገር ነበረብኝ። እግሬ እምቢ አለኝ።»

ሲስተር የተገለበጠውን ብርጭቆ አነሣች።

«አንቺ ቀኑን ሙሉ የሰው በሽታ ተሸክመሽ ነው የምትገቢው» አሉ አባቷ። «በምን አንጀቴ ሌላ በሽተኛ እቤት ልጨምርልሽ?»

የምትቆጣው ማንን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ ወሰደባት። አባቷን ልትቆጣ አሰበች፤ አንጀቷን በሉት። ሶፋ ሠሪውን ልትቆጣ አሰበች፤ ትናንት ካወጣችው የተረፈ ቁጣ አልነበራትም። መጨረሻ ላይ የቀረችው እሷው ናት። ቁስል አነባለሁ ብላ ፎከረች፤ አባቷ አንድ ዓመት ሙሉ ግድግዳ እየዳበሱ ሲሄዱ ግን አላየችም። አባቷን አቀፈቻቸው፤ ለአፍታ ተያይዘው አለቀሱ። ከዚያ ፊቷን በውሃ አርሳ ወጣች።

ሶፋ ሠሪው ሱቁ ውስጥ አንድ የተራቆተ ወንበር ላይ ጎንበስ ብሎ ጨርቅ ይወጥራል። ጥቃቅን ሚስማሮች በከንፈሩ ይዟል፤ አንድ በአንድ እያወጣ ይመታል። ሲያያት መዶሻው አየር ላይ ቀረ።

«አትናገር» አለች። መናገር አይችልም ነበር፤ አፉ ሚስማር ነው። «አባዬ ሁሉንም ነግሮኛል። ተሳስቻለሁ። ሁለት ቀዳዳ አየሁና ጥርስ ነው ብዬ ፈረድኩ። አንተ ደግሞ ዝም ብለህ ተፈረደብህ። ውሻህን አስወሰድኩህ። ውሸታም ነው ብዬ ስጠላህ አደርኩ፤ መጥላቱም አልሆነልኝ። ለዚህ ይቅርታ አድርግልኝ።»

ሶፋ ሠሪው ሚስማሮቹን መዳፉ ላይ መትፋት ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

«አልጨረስኩም» አለች። አራተኛው ላይ ቆመ። «ቃልህን መጠበቅህን አከብራለሁ። ግን የሰው ዓይን እየጠፋ ቃል አይጠበቅም። ሞራ ነው፤ ይወጣል። በዚያኑ ቀን ብትነግረኝ በዚያኑ ሳምንት ሐኪም ያየው ነበር። ለውሻው እኔ ይቅርታ ጠይቄሃለሁ። ለአባቴ ዓይን ደግሞ አንተ ትጠይቀኛለህ።»

የቀሩትን ሚስማሮች ተፋ። ከንፈሩ ላይ ትንሽ ደም ነበር።

«ልክ ነሽ» አለ። «እኔም በየቀኑ ይሄ ነገር ልክ አይደለም እል ነበር። ግን አባባ እጄን ሲይዙኝ እጃቸው እንዴት እንደነበር ብታይ... አባቴን አላውቀውም፣ ሲስተር። ሽማግሌ ሲለምነኝ እምቢ ማለት አልተማርኩም። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«አድርጌልሃለሁ። ከአሁን በኋላ ግን የሚከብደውን ነገር መጀመሪያ የምትነግረው ለእኔ ነው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። እየደከመኝም ቢሆን እሰማለሁ።»

ሲስተር የሁለት ቀን ፈቃድ ጠይቃ አባቷን ሐኪም ዘንድ ወሰደች፤ ለቀዶ ጥገናው ቀን ተቆረጠ። እሑድ ደግሞ ከሶፋ ሠሪው ጋር ሻለቃን ሊያመጡ ሄዱ። ውሻው የእህትየው ግቢ ጥግ ላይ ተጠቅልሎ ተኝቶ ነበር፤ ሲያያቸው ለመዝለል ሞከረ፣ ጉልበቱ አልፈቀደለትም፣ ተቀምጦ በጅራቱ ብቻ ጨፈረ። ሲስተር ተንበርክካ ጆሮውን ስታሻሸው በደስታ አፉን ከፈተ።

ዘወር ብላ ሶፋ ሠሪውን አየችው።

«ይሄ ውሻ ጥርስ የለውም!»

«ከታች ሁለት አሉት» አለ። «ለዳቦም አይበቁትም፤ በውሃ እየነከርኩ ነው የምሰጠው።»

«ታዲያ ያን ማታ አዎ ስትለኝ አፉን ከፍቼ ባየውስ?»

«እሱን ነበር የፈራሁት። ያልመረመርሽው በሽተኛ እሱ ብቻ ነው።»

ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪመጣ። በእንባው መሐል እጁን ያዘችው፤ እሱም ሐምራዊ ጣቶቹን በጣቶቿ መሐል አስገባ።

«በምን ሰበብ ልምጣ ብለኸኝ ነበር» አለች።

«ነበር።»

«ሰበብ አያስፈልግህም። ዝም ብለህ ና።»

ሻለቃን በየተራ ተሸክመው ተመለሱ።

የአባቷ አንደኛ ዓይን ሐምሳ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ታከመ። በማግስቱ ጠዋት ፋሻው ሲፈታ ሲስተርና ሶፋ ሠሪው አልጋው አጠገብ ቆመው ነበር። ሽማግሌው መጀመሪያ መስኮቱን አዩ፤ ቀጥለው የራሳቸውን እጅ ገልብጠው አዩ፤ ቀጥለው ሶፋ ሠሪውን።

«አንተ» አሉት፣ «ሽበት አለህ እንዴ? እኔ እኮ ጎረምሳ መስለኸኝ ነበር አጥር ያስዘለልኩህ!»

ከዚያ ልጃቸውን አዩ። ሳቃቸው ቆመ። ፊቷን ከግንባሯ እስከ አገጯ፣ ከዓይኗ ሥር ያለውን ጥቁረት፣ አንዱ ትከሻዋ ከሌላው ዝቅ ማለቱን፣ መሬት እንደሚቀይስ ሰው ቀስ ብለው አዩት። ለአንድ ዓመት ያላዩት ፊት ነው።

«ልጄ» አሉ። «መቼ ነው እንዲህ የደከምሽው?»

ሲስተር አፏን ከፈተች። እናቷ ካረፈች ጀምሮ አባቷ በየማታው «ደከመሽ?» ሲሏት «ኧረ ደህና ነኝ» ነበር የምትለው። ያለማቋረጥ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየች። ዛሬም ምላሷ ላይ የመጣው ያው ነበር። ግን ያ ዓይን ገና አዲስ ነው፤ መጀመሪያ የሚያየው ነገር ውሸት እንዲሆን አልፈለገችም።

«ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ አባዬ» አለች። «በጣም ደክሞኛል።»

አባቷ ወደ ግድግዳው ተጠግተው አልጋው ላይ ቦታ ለቀቁላት። ጫማዋን አውልቃ አጠገባቸው ጋደም አለች፤ እንደ በሽተኛ፣ ሌላ ሰው እንደሚጠብቃት ሁሉ። ሶፋ ሠሪው ከትከሻዋ ላይ የሥራ ቦርሳዋን ተቀብሎ በራሱ ትከሻ ላይ አንጠለጠለው። ያን ቦርሳ እስከ ዛሬ የሚይዘው እሱ ነው።